አብሮ ያየ

ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ልክ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ውሸታም ሆንኩ። እንዲሁ በሰፈር ወሬ ውሸታም የተባልኩ አይደለሁም፤ ራስጌው ላይ የመሥሪያ ቤት ስም፣ ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት የመሰከረብኝ ነኝ። ወረቀቱን ያመጣው ደግሞ የገዛ አባቴ ነው።

ይህን የምጽፈው እንኳ ተነሳ ቁጭ እያልኩ ነው። ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ የትም ሄጄ፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ወንበር ላይ የቆየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ፣ የሚታጠብ ብርጭቆ ፍለጋ ጓዳ እገባለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። አመሉ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከ1979 ዓ.ም. ጥቅምት ነው የመጣው፤ እቤታችን ውስጥ ማንም መቀመጥ ካቃተው ወር።

አባቴ ገረመው ሰማይ ቆጣሪ ነበር። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ እንጂ የሥራ መደቡ «የአየር ጠባይ ተመልካች» ይባላል። ቦሌ፣ የአውሮፕላኑ መንደርደሪያ ዳር ባለች ነጭ ክፍል ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። በየሰዓቱ ከክፍሏ ይወጣል፣ ቀና ይላል፣ ሰማዩን በሐሳቡ ስምንት ቦታ ይቆርሰዋል፣ ከስምንቱ ስንቱን ደመና እንደያዘው ይገምትና ተመልሶ አንድ ሰፊ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። አብራሪዎች ይህን ሳይሰሙ አይነሱም። ስለዚህ እኔ አውሮፕላን የሚበረው አባቴ ሲፈቅድለት ይመስለኝ ነበር፤ አንቶኖቮቹ ሆዳቸውን እያንጎራጎሩ ጣሪያችን ላይ ሲያልፉም «አባባ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል» እላለሁ። ምን ጭነው፣ ወዴት እንደሚሄዱ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤታችን ዛሬ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነበር፤ ቤቱ ጠባብ፣ ግቢው ሰፊ። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ጠዋቱ የራሴ ነው። አባባ ሥራ ፈትቼ እንዳልዞር አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጠኝና በማስመሪያው ዓምዶች አሰመረልኝ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ደመና ከስምንት፣ የታየ ነገር። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ጠባብ ዓምድ ጨመረና ከላይዋ «አብሮ ያየ» ብሎ ጻፈባት።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት።

«አንድ ሰው ብቻውን ያየው ነገር ወሬ ነው። ሁለተኛ ሰው አብሮ ካየው መረጃ ይሆናል። አብሮሽ ያየ ሰው ካለ ስሙን እዚህ ጻፊ።»

ከዚያ ጣቱን እያጠፈ ሕጉን ነገረኝ። «ያየሽውን ጻፊ። ያላየሽውን አትጻፊ። የጻፍሽውን አትፋቂ።»

«ከተሳሳትኩስ?»

«በማስመሪያ አንድ መስመር ትሰርዢውና ከጎኑ ትክክለኛውን ትጽፊያለሽ። ከመስመሩ ሥር ያለው ግን መነበብ አለበት። ላጲስ የሌባ ዕቃ ነው።»

ላጲሴን የዚያኑ ዕለት ለጎረቤታችን ልጅ ለሐሊማ ሰጠኋት። ሐሊማ የጋሽ ዓብዱ ልጅ ናት። ጋሽ ዓብዱ የወሎ ሰው ሲሆን ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ደሴና አዲስ አበባ ይመላለሳል። መኪናው ያደረበት ቦታ ላይ ዝናብ ሲያቁር ናፍጣው ውሃው ላይ ይንሳፈፍና ሮዝ፣ ቅጠልያ፣ ሐምራዊ ሆኖ ይዘረጋል። እኔና ሐሊማ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብለን በእንጨት ስናማስለው እንውላለን። አባባ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እዚያው አገኘንና፣ «ይሄን የመሰለ ቀለም ሰማይ ላይም ይወጣል» አለ።

«የማርያም መቀነት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«አይደለም። የማርያም መቀነት ለፀሐይዋ ጀርባሽን ሰጥተሽ ነው የምታዪው። ይሄኛው እዚያው ፀሐይዋ ጎን፣ ስስ ደመና ላይ ነው የሚወጣው። በየወሩ ይመጣል፤ ሰው ግን አያየውም። ፀሐይዋ ዓይኑን ስለምትወጋው ቀና አይልማ።»

እንዴት እንደሚታይም አሳየኝ። መጀመሪያ ፀሐይዋን መደበቅ ነው። የጣሪያው ክዳን ጥግ ፀሐይዋን እስኪሸፍናት ድረስ ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ጥላው ውስጥ እቆማለሁ፤ ከዚያ ከክዳኑ ጠርዝ አጠገብ ያለውን ሰማይ አያለሁ። ፀሐይዋን ራሷን በፍጹም አላይም። አመሻሽ ላይ ደግሞ መነጽሩን አወለቀና መስተዋቱ ላይ «ሃ» ብሎ ተነፈሰበት፤ በእሱ ውስጥ አሳልፌ አምፖሉን እንዳይ አደረገኝ። አምፖሉ ዙሪያ ቀለበት ነበረ፤ ከውስጥ ነጣ ያለ፣ ከውጭ ቀላ ያለ።

«ትንፋሼ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ መስተዋቱ ላይ ተቀምጧል» አለኝ። «ደመናም ያው ጠብታ ነው። ብርሃን ጠብታዋ ጋ ሲደርስ ጠርዟን ታክኮ ይዞራል። ቀዩ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ ሰማያዊው ጠበብ አድርጎ። እዚያ ላይ ይለያያሉ።»

«ታዲያ ደመና ሁልጊዜ ለምን ቀለም የለውም?»

«ጠብታዎቹ እኩያ መሆን አለባቸው። በአንድ ሰዓት የተወለዱ፣ ልክ እኩል የሆኑ። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ሁሉም የየራሱን ቀለም ይረጭና ተደባልቆ ነጭ ብቻ ይሆናል። እኩያሞች ሲሆኑ ነው የሚያምሩት።»

ወንድሜ ረታ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነው፤ ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት ይጠብቃል። ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ ሲስቅ የሰማሁት አይመስለኝም።

ጥቅምት ሲገባ ረታ ጆሮ ደግፍ ያዘው። እናቴ የሺመቤት ናት የነገረችኝ። «ክፉ ዓይነት ነው፤ ለሰው ይጋባል። ከውስጥ አይወጣም። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሰው ከሰማ ከቤታችን ዝር አይልም» አለችኝ። ረታ ጉንጩን በእናቴ ነጠላ ጠቅልሎ ጓዳ ተኛ። እኔ ከበሩ ውጭ ሆኜ «ያምሃል?» እለዋለሁ፤ «ትንሽ» ይለኛል። ለሐሊማ እንኳ አልነገርኳትም። ለሐሊማ ነገር አለመንገር ለእኔ ሽንት እንደመያዝ ነበር፤ ቢሆንም ቻልኩት።

ጆሮ ደግፍ አልነበረም። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱ ልጆች ስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር፤ ወሬው ቀደም ብሎ ተሰምቶ ጥቅምት አሥር ቀን ነው የተለጠፈው፤ ረታ ከላይ ሰባተኛው ነው። የክፍል ጓደኞቹን ጭነው ሲሄዱ የሰማሁትን የመኪና ጥሩምባ ያኔ ሠርግ ነው ብዬ ነበር። ወላጆቼ ለቀበሌው «ልጁ ጥቅምት አምስት ቀን፣ ዝርዝሩ ሳይወጣ፣ ደሴ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» ብለው ነበር። ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ እቤት መኖሩ ከታወቀ እሱ ወደ ጦሩ፣ አባቴ ደግሞ ደበቀ ተብሎ ወደ እስር ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማየው እናቴ የጠረገችውን ግቢ መልሳ ስትጠርግ፣ አባባ እራቱን ቆሞ ሲጎርስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁሉም ባለበት ሲደርቅ ነበር። ጆሮ ደግፍ እንዲህ የሚያስፈራ በሽታ ነው ብዬ እኔም ጉንጬን እየዳበስኩ ውዬ አድር ነበር።

ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ጠዋት ጥላዬ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከኮተቤ በኩል ስስ ደመና መጣ፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ሰማዩ ከኋላው ይታያል። ፀሐይዋ ጋ ሲደርስ ጠርዙ መጀመሪያ ሮዝ ሆነ። ከዚያ ቅጠልያ ገባበት። ከዚያ ሐምራዊና ብርቱካን እየተጥመለመሉ ተዘረጉ። የጋሽ ዓብዱ ናፍጣ ሰማይ ላይ የፈሰሰ መሰለኝ። እግሬ መሬት አልይዝ አለ።

«ረታ! ረታ! ቶሎ ና! ቀለሙ መጣ!»

እናቴ መጥረጊያውን ጣለች። «ዝም በይ አንቺ! ጎረቤት ይሰማል!»

እኔ ግን የት ዝም ልበል። ረታ በነጠላው እንደተጠቀለለ ብቅ አለ፤ ግራ ቀኝ አየና ጥላው ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ቆመ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ቀና አለና ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ።

«እኩያ ስለሆኑ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ! ሁሉም እኩል ስለሆኑ ነው!»

«እንግዲህ እኩያ መሆን ለደመና ነው የሚያምረው» አለ። ድምፁ ወፍሯል። እብጠቱ ወደ ጉሮሮው ወረደ ብዬ አዘንኩለት።

«ስንት ሰዓት ነው? መጻፍ አለብኝ።»

ሰዓቱን አየና «ሦስት ከሃያ» አለ። ከዚያ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ እኔ ክንድ ላይ፣ ከክርኔ በላይ፣ አሰረልኝ። «ተመልካች ያለ ሰዓት አይሆንም።» ያዋሰኝ ነበር የመሰለኝ። እሱ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ቀን፦ ጥቅምት 17። ሰዓት፦ 3፡20። ደመና፦ 3 ከ8። የታየ ነገር፦ ቀለም፣ ከፀሐይ በስተግራ፣ ሮዝ፣ ቅጠልያ፣ ሐምራዊ። አብሮ ያየ፦ ረታ።

ስለ ጆሮ ደግፉ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። አደራዬን ጠብቄያለሁ፤ ሕጉንም ጠብቄያለሁ።

አመሻሽ ላይ አባባ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሮጬ ተቀበልኩት። ደብተሩን ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ሦስት ከሃያ?» አለና ፊቱ በራ። «እኔም ሦስት ከሃያ ነው የጻፍኩት! አንቺ ከዚህ፣ እኔ ከዚያ…» ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። «ነገ ትልቁ መዝገብ ላይ፣ አብሮ ያየ ብዬ ስምሽን አሰፍረዋለሁ።» ገና ዓይኑ መጨረሻዋ ዓምድ ላይ ሳይደርስ እናቴ ከውስጥ ጠራችው፤ ጋሽ ዓብዱ መጥቶ ነበር። ደብተሩን አጥፎ መለሰልኝና ገባ። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ገጽ ሳይጨርስ የተወው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

በማግሥቱ ረታ አልነበረም። «ጋሽ ዓብዱ ወሎ ፀበል ይዞት ሄደ» አሉኝ። እስላሙ ጋሽ ዓብዱ ሰው ይዞ ፀበል መሄዱ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን እሱ የማያደርገው ነገር አልነበረም። የተጫነው ከጆንያዎቹ መሀል፣ ከሸራው ሥር እንደነበር ጋሽ ዓብዱ ራሱ የነገረን ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን ጓድ ዓለምሰገድ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰው ሲያይ አሁንም ትከሻውን በዓይኑ ይለካል። ካኪ ለብሷል። አባባ ያን ቀን የፈረቃ እረፍት ላይ ነበር። እኔን «ውጪ ቆዪ» አሉኝ። በመስኮቱ የሚሰማኝ ግማሹ ነው፦ «ዘመድ ጥየቃ…» «መቼ ነው ያሉኝ?…» «ጥቅምት አምስት ጓድ ሊቀመንበር…» ረታ የሄደበትን ቀን የተሳሳቱ መሰለኝ። አባባ ቀን ሲሳሳት ሰምቼ ስለማላውቅ ገብቼ ላርመው ፈለግሁ። እግዚአብሔር ይስጠውና አንድ ስስ ደመና መጣ፤ ወደ ጥላዬ ሄድኩ።

ጨርሰው ሲወጡ ጓድ ዓለምሰገድ አየኝ። «ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?»

ማን ጠይቆኝ ያውቃል! ሁሉንም ነገርኩት፤ ስምንቱን ቁራሽ፣ ጥላውን፣ እኩያ ጠብታዎቹን። በክር የታሰረ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አደረገ። «ጎበዝ! ጎበዝ! የአባትሽ ልጅ!» እያለ ደብተሬን ያገላብጥ ጀመር። አባባ ከኋላው ቆሟል። እጁ ወደ ደብተሩ ተዘረጋና መልሶ ወረደ።

ጓድ ዓለምሰገድ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነብባል። «ጥቅምት… አሥራ ሰባት። ቀለም… ከፀሐይ በስተግራ። አብሮ ያየ…» ጣቱ ቆመ። «ረታ።»

እናቴ የበሩን መቃን ይዛለች።

አባባ ሳቀ። እንዲያ ዓይነት ሳቅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። «ይቺ ልጅ ትዋሻለች ጓድ ሊቀመንበር። አመሏ ነው። ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን እኔ ነበርኩ ሥራ ላይ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደመና ዜሮ። ደመና የፈጠረች ልጅ ወንድም መፍጠር ያቅታታል?»

«አባባ! አይተሃል እኮ! ሦስት ከሃያ ብለሃል! ረታም አይ…»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትቶኝ አያውቅም። ጉንጬን ይዤ የማስበው ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ሕጉን ነው። ያየሽውን ጻፊ ያለኝ እሱ ነው። አየሁ፤ ጻፍኩ። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ጓድ ዓለምሰገድ ደብተሩን ዘጋ። እኔን አየኝ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ። «እኔ ቃልዎን አልጠራጠርም ጓድ ገረመው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ከእኔም በላይ ጠያቂ አለ። የዚያን ቀን ሰማዩ ምን እንደነበረ ከመሥሪያ ቤትዎ በማኅተም ያምጡልኝ። እስከ ዓርብ። ደብተሩ እኔ ጋ ይቆያል።»

ዛሬ ሳስበው ይሄ ሰውዬ ይገርመኛል። እሱም ያን ቀን እዚያው ሰማይ ሥር ነበር። ግን ከዘጠኝ ቀን በፊት የነበረን ደመና ማን ያስታውሳል? ወይስ ሊገኝ የሚችል ነገር መርጦ ነው የጠየቀው? በእንደዚያ ያለ ጊዜ ማኅተም ከዓይን ይበልጣል፤ ወረቀቱ ካለ እሱም የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። በጎ አድርጎልን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጠይቀው ሳልደርስ ሞተ።

ሁለት ቀን ሙሉ እቤታችን ማንም አልተቀመጠም። አባባ ሥራ ሄደ፣ መጣ፣ ተመልሶ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ከጎኑ ሆኜ አነበብኩት። «ጥቅምት 17 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት። ደመና 0/8። ሰማዩ ጥርት ያለ።» ማኅተሙ ሐምራዊ ነው። ያየሁት ሐምራዊ ግን እንዲህ አልነበረም።

ጓድ ዓለምሰገድ ወረቀቱን ተቀበለ፤ ተመልሶም አልመጣም። ደብተሬም አልተመለሰም።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ገባና ልጆቹ «ደመና ፈጣሪ» እያሉ ይከተሉኝ ጀመር። ከሐሊማ በስተቀር። ሐሊማ ላጲሴን አምጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። አባባ ደግሞ አዲስ ደብተር ገዝቶ፣ ዓምዶቹን አስምሮ ሰጠኝ፤ ዓይኑ እያየ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ሲነድ አብሮኝ ቆሞ አየው። «አፀደ፣ አንድ ቀን…» አለና ተወው። ምን ይበለኝ? ለሐሊማ ነገር አለመንገር ሽንት እንደመያዝ ለሚሆንባት፣ ያየችውን ሁሉ ለማንም ለምትዘረግፍ ልጅ፣ «ልክ ነሽ» ማለት የረታን መንገድ ለሰፈሩ ማሳየት ነበር።

ከኅዳር ጀምሮ አባባ ፈረቃ ቀረለት። የመሣሪያ ዕቃ ቤት ተመደበና ምሳውን እቤት እየመጣ መብላት ጀመረ። ለውሸቱ የተሰጠው ሹመት መሰለኝ፤ ጠላሁት። እናቴ የነገረችኝ ካረፈ በኋላ ነው። «ራሱ ነው ማመልከቻ ያስገባው። ከእንግዲህ እኔ የጻፍኩትን አምኖ የሚበር ሰው አይኑር አለ።» በ1981 ኩላሊቱ ታሞ ሞተ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሱ ጋር ቀና ብዬ ሰማይ አላየሁም። ይህን ስጽፍ እንኳ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ደርሼ መጣሁ።

ደርግ ወደቀ፣ ረታ ከወሎ ጢም አብቅሎ መጣ፣ ጆሮ ደግፉም ዝርዝሩም ሸራውም ተነገረኝ። አባቴ ለምን እንዲያ እንዳለ ገባኝ። ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። አባቴን አውቀዋለሁ። እጁን ቢቆርጡት መዝገብ ላይ ያላየውን አይጽፍም። ባለማኅተሙ ወረቀት ደግሞ ከመዝገቡ ላይ የተቀዳ ነው። እንግዲያው ምናልባት እውነትም ደመና አልነበረም? ምናልባት አንዲት ቀለም የተራበች ልጅ ፈጥራው፣ የአባቷ እውነት በአጋጣሚ ወንድሟን አዳነው? «እኔም ሦስት ከሃያ ጻፍኩ» ያለኝንስ ፈጥሬው ቢሆን? ወይ እሱ ውሸታም ነው ወይ እኔ። ሁለቱም አላስቀምጥ አለኝ።

ረታን ጠየቅሁት። አብሮኝ ያየ እሱ ብቻ ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ምንም አላየሁም። ማታውን እንደምሄድ አውቅ ነበር። ቀና ያልኩት እንባዬ እንዳይወርድ ነው። ዓይኔ ውስጥ ውሃ ብቻ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስክር አልነበረኝም።

ሐሊማ ባለፈው ዓመት ደወለችልኝ። የድሮ የአየር ጠባይ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። «አፀዬ፣ ነገ ነይ። በስልክ አልነግርሽም» አለችኝ። ሌሊቱን ስንጎራደድ አደርኩ።

ክፍሉ የአሮጌ ወረቀት ሽታ አለው። ሐሊማ ሰፊውን መዝገብ ገልጣ ጠበቀችኝ። ገጹ በቁጥር የተሞላ ነው፤ የአባባን ሰባት ቁጥር፣ መሀሏን የሚሰርዛትን፣ ከሩቅ ለየኋት። ጥቅምት 17። ሦስት ከሃያ። «3/8። ከፀሐይ በስተግራ ቀለም፤ ሮዝ፣ ቅጠልያ፣ ሐምራዊ።» በላዩ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ከጎኑ «0/8»፣ ፊርማው፣ እርማቱ የተደረገበት ቀን፦ ጥቅምት 27።

ለባለማኅተሙ ወረቀት የገለበጠው ሰው ያልተሰረዘውን ቁጥር ብቻ ነው የገለበጠው። የተሰረዘውን ማን ያነብባል?

አልፋቀውም። ዋሽቷል፤ ግን አልፋቀውም። ከመስመሩ ሥር ያለው ሁሉ፣ ሮዙም ቅጠልያውም፣ ፊደል ሳይጎድል ይነበባል።

«እሱን አይደለም እኮ» አለች ሐሊማ። «ዳር ላይ እዪ።»

በማስታወሻው ዓምድ፣ ከእርማቱ ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ጥቅምት 18፣ በሌላ ቀለም፣ በደስታ ሰፋ ሰፋ ብለው በተጻፉ ፊደሎች፦ «አብሮ ያየ፦ አፀደ ገረመው፣ ከቤት፣ 8 ዓመት ከ11 ወር።» ያ መስመር ደመናውን ሰርዞ፣ ቀለሙን ሰርዞ፣ ወደ ስሜ ይመጣል። «አብሮ» ከምትለው ቃል በፊት፣ በጣት ስፋት ያህል ሲቀረው፣ ማስመሪያው ተነስቷል። ስሜ ላይ አልደረሰም።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ሐሊማ ሻይ አመጣችልኝ። ቀዘቀዘ፤ ሌላ አመጣች። የሥራ ሰዓት አልቆ ሰዎቹ መብራት እያጠፉ ሲወጡ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።